ሚካኤል ሲገባ የት እንደምቆም

«ግጥሙን ለልጅቱ አስጠኛት እንጂ አንቺስ ዘንድሮ አትቆሚም» አሉኝ አክስቴ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

ገና ካለፈ ሳምንት አልሞላውም ነበር። የሰፈራችን ልጃገረዶች እንደ ወጉ አክስቴ ግቢ፣ ከሩዝ ገለባው ክምር ሥር፣ ተሰብስበው የጥምቀት ዘፈን ይለማመዳሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የምታወጣዋ ግጥሙን የምታውቅ፣ ድምፅዋ ከከበሮው በላይ የሚሰማ፣ አፏ የማይያዝ መሆን አለባት። ከዘጠነኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ እኔ ነበርሁ የማወጣው። ግጥሙንም የምሠራው እኔው ነኝ። ሌላ ነገር ላይ ጎበዝ ነኝ አልልም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ዘፈን ማውጣት ግን ማንም አይስተካከለኝም፤ ይህን ደግሞ ወረታ ውስጥ የሚክድ የለም።

«ለምን አልቆምም እትየ?» አልኋቸው።

«ፈት ነሽ እኮ ልጄ። ልጃገረድ መሐል ፈት ስታወጣ ማን ሰምቶ ያውቃል?»

«እንዲያ ከሆነ ከሴቶቹ ጋር ልቁማ።»

«እነሱ ባለትዳሮች ናቸው። ያንቺ ባል የታለ?»

«ታዲያ የት ልቁም?»

«ከእነ እማሆይ ጋር ኋላ ኋላ በይ። ለነፍስሽም ይበጅሻል።»

ልጃገረዶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነውና ቆብ ከደፉት አሮጊቶች ጋር መቋሚያ ይዤ ስጎተት ታየኝ። ከዚያ ግን ማንም «ቀልዴን ነው» አላለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈተናው ሳይሳካ ሲቀር ለአንድ የይፋግ ሰው ዳሩኝ። የሩዝ መፈልፈያ አለው። አገናኝዋ እኒሁ አክስቴ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ፊት «ትማራለች፣ ኮሌጅ አስገባታለሁ» አለ። አገባሁት። ትምህርቱን ስጠይቀው «የሩዝ ገለፈት ማን ይጠርግልኛል ታዲያ?» ብሎ ይስቃል። አንድ ቀን ደግሜ ብጠይቀው በጥፊ መታኝ። በማግስቱ ጠዋት ልብሴን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ መንገድ ወጥቼ ሚኒባስ ያዝሁና እናቴ ቤት ገባሁ። ሽማግሌ ተላከ፣ «እርቅ አልፈልግም» አልሁ። እንደገና ተላከ፣ እንደገና እንዲያው አልሁ። አክስቴ ፊታቸውን ያዞሩብኝ ያኔ ነው። ያገናኙት ትዳር ፈርሶ የእሳቸው ፊት ነው የጠቆረው።

ከተመለስሁ ወዲህ ከአንዲት ሙስሊም ባለሱቅ ዘንድ ጨርቅ እሸጣለሁ። ባሕር ዳር ዳቦ ቤት የምትሠራ አብሮ አደግ ጓደኛ አለችኝ፤ «ነይ፣ ሥራ አለ፣ የማታ ትምህርትም አለ» እያለች በስልክ ትጨቀጭቀኛለች። እኔ ደግሞ «ሚካኤልን ላስገባና እመጣለሁ» እላታለሁ። በእኛ አገር የገና ሰሞን የሚያበቃው ጥር አሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕሩ ወደ ደብሩ ሲመለስ ነው። ሌሎቹ ታቦታት በዋዜማው ይገባሉ፣ እሱ ብቻውን ያድርና በማግስቱ አገሩ ሁሉ ወጥቶ ያስገባዋል። ይፋግ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ የናፈቀኝ እሱ ቀን ነበር። አንድ ጊዜ አውጥቼ፣ አንድ ጊዜ ድምፄን ሰምቼ ልሂድ ብዬ ነው የተቀመጥሁት።

ግጥሙን አስጠናሁ። ምን ላድርግ? በእኔ ቦታ የተተካችው ልጅ ገና አሥረኛ ክፍል ናት፣ ክፉ ልጅ አይደለችም።

የፎገራ ሜዳ ሩዙ ታጨደና
ሚካኤል ሲገባ ሰው ወጣ በጤና

ስትል ድምፅዋ ይቀጥንና ይጠፋል። «ከሆድሽ አውጪው እንጂ፣ መርፌ የወጋሽ ነው የሚመስለው!» እላታለሁ። አክስቴ በረንዳ ላይ ሆነው «ቀስ ብለሽ አስተምሪ፣ ሁሉም እንዳንቺ ጯሂ አይደለም» ይሉኛል። ልጃገረዶቹ የሚለብሱትን አንድ ዓይነት ቀሚስ ጨርቁን እየለካሁ የቆረጥሁላቸውም እኔ ነኝ። ለራሴ የሚሆን ግን አልቆረጥሁም።

ከተራ ሆነ። ታቦታቱ ወረዱ። ጥምቀትም ዋለ። እኔ ኋላ፣ ከእማሆዮቹ ጋር ነኝ። አንዷ እማሆይ ጉልበታቸውን ያማቸዋልና ክርኔን ይዘው ይሄዳሉ፤ በየመሐሉ «አንቺ ልጅ፣ ባልሽ መቼ ነው የሞተው?» ይሉኛል። «አልሞተም እማሆይ።» «ነፍሱን ይማር» ይላሉ፣ ጆሯቸው አይሰማም።

እሱ ግን መጥቶ ነበር፣ ያ የይፋጉ። አየሁት። ዱላውን ወደ ላይ እየወረወረ፣ ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ከጎረምሶቹ መሐል ሆ እያለ ይዘላል። አክስቴን አይቼ «እትየ፣ እሱስ ፈት አይደለም? ለምን ከሽማግሌዎቹ ጋር ኋላ አይልም?» አልኋቸው።

«ወንድ ነዋ!» አሉኝ፣ እንዲያውም በመጠየቄ ተገርመው። «ወንድ ሚስት ሲያጣ መልሶ ጎረምሳ ይሆናል።»

«ሴትስ?»

«ሴትማ አንዴ ከፈሰሰች ፈሰሰች።»

በዚህ መሐል የሰፈሩ ሴቶች እልል ሲሉ ነገሩ እዚያው ቀረ። እኔ ግን ያን ቀን ሁሉ ቃሉን እንደ ጠጠር በአፌ ሳገላብጠው ዋልሁ።

የሚካኤል ቀን ደረሰ። ፀሐዩ ይፋጃል። ከጥምቀተ ባሕሩ ሜዳ ወጥተን አስፋልቱን ይዘን ሄድን። ፊት ፊት ጎረምሶች ምንጣፍ እየጠቀለሉ መልሰው ይዘረጋሉ፣ ከዚያ መዘምራኑ፣ ከዚያ ታቦቱ በጥላ ሥር፣ ከዚያ ካህናቱ፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ልጃገረዶቹ፣ ከዚያ ሆ ባዮቹ፣ መጨረሻ እኛ። ከእኛ ቦታ ታቦቱ አይታይም። የጥላው ጫፍ እንኳ አልፎ አልፎ ነው። በዚያ ላይ መንገዱ ይታጠፋል።

ልጅቱ ታወጣለች። ግጥሙ የእኔ፣ ድምፁ የሷ። «ጉማራ ሞልቶብን፣ ርብም ሞልቶብን» ስትል ልጃገረዶቹ «ግባ በእልልታ፣ ግባ በሰላም» እያሉ ይቀበላሉ። «ይኸው ተሻገርን፣ መልአክ ደርሶልን» ስትል ድምፅዋ ቁልቁል ወርዶ ጠፋ። ያ ስንኝ ከፍ ብሎ ነው የሚያልቀው። ምላሴን ነከስሁ።

ድንገት ሰልፉ ቆመ።

ከበሮው ከፊት ጸጥ አለ። ቆየን። ከዚያ ቃሉ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ መጣ፦ «ታቦቱ ቆመ። ታቦቱ እምቢ አለ።»

ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ታቦት በመንገድ ከቆመ በሕዝቡ መሐል ቂም አለ፣ የተበደለ አለ፣ እርቅ የገፋ አለ ይባላል። ያ ካልተፈታ አይንቀሳቀስም። እናቶች አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። «ምን በድለንህ ነው አንተ መልአክ!» እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። እኔም ተንበረከክሁ፤ ጉልበቴን አስፋልቱ አቃጠለኝ።

የሰፈራችን ትልቅ ሽማግሌ፣ የእኔንም እርቅ ሁለት ጊዜ ይዘው የመጡት፣ ተነስተው «ከእናንተ መሐል የተቀያየመ ካለ ይታረቅ! ይናገር!» አሉ።

በመስኖ ውኃ ሲጣሉ የከረሙ ሁለት ሽንኩርት አትካቾች ተነስተው ተቃቀፉ። እልልታ ሆነ። ታቦቱ አልተንቀሳቀሰም። አንዲት ሴት «የጎረቤቴን አውራ ዶሮ አርጄ በልቻለሁ፣ ጅብ በላው ያልሁት እኔው ነኝ» ብላ አለቀሰች። ጎረቤቷ «ያኔውኑ ላባውን አይቸዋለሁ፣ ይቅር ብዬሻለሁ!» አለቻት። ሰው በለቅሶው መሐል ሳቀ። ታቦቱ አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ አክስቴ ዞሩ። እኔን ነው የፈለጉት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ዓይናቸው አላጣኝም።

«እርቅ የገፋችማ አለች» አሉ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ሽማግሌ ሁለት ጊዜ የመለሰች አለች!»

የሰው ፊት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ኋላ ኋላ በመሄዴ ሳልታይ የቆየሁት እኔ ያን ጊዜ ነው እንደ ሙሽራ መሐል የወጣሁት። እሱንም ከጎረምሶቹ መሐል ጎትተው አመጡት። ላቡ ይንቆረቆራል፣ ዱላውን ይዟል።

«እኔ ምን ቸገረኝ» አለ፣ «እሷ ነች ጥላኝ የሄደችው። ትምጣ፣ ቤቷ ነው።»

«ሰማሽ?» አሉ ሽማግሌው። «እሱ አልከበደውም።»

«ይቅር ብየዋለሁ አባባ» አልሁ። «ቂም የለኝም።»

«ይቅርታ ከሆነ ምልክት አለው። ታርቄያለሁ በይ።»

ታርቄያለሁ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ወደ ቤቱ ተመልሻለሁ ማለት ነው። ይፋግ፣ መፈልፈያው፣ ገለፈቱ። ፀሐዩ አናቴን ይበሳኛል። እናቴ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ መጣችና የቀሚሴን ጫፍ ያዘች። እናቴ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ጊዜ «ተመለሽ» ብላኝ አታውቅም።

«የኔ ልጅ» አለች፣ «ይህን ሁሉ ሰው በፀሐይ ልታስፈጂው ነው? መልአኩን በመንገድ ልታሳድሪው ነው?»

አክስቴ ቢሉኝ፣ ሽማግሌው ቢሉኝ፣ አገሩ ሁሉ ቢለኝ እቆም ነበር። እናቴ ናት የጣለችኝ።

«ታርቄያለሁ» አልሁ።

ቃሉ ከአፌ ሳይደርቅ ከፊት ከበሮው ተመታ። በእውነት ነው የምለው። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ያን ያህል እልልታ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። አመንሁ። እኔ ነኝ ያቆምሁት ብዬ አመንሁ። እማሆይ አንገቴን አቅፈው «ባልሽ ተነሣልሽ!» አሉኝ።

ወዲያው ነው ሴቶቹ ጎትተው መሐላቸው ያስገቡኝ። ባለትዳሮቹ ናቸው፤ አሁን ከእነሱ ጋር የምቆም ሆኛለሁ። አክስቴ እጄን ይዘው ከፊት አቆሙኝና «አውጪ በይ! ምን ትጠብቂያለሽ!» አሉኝ። አወጣሁ። ከሆዴ አወጣሁት። ጉማራን አልሁ፣ ርብን አልሁ፣ ያችን ከፍ ብላ የምታልቀውን ስንኝ ከፍ አድርጌ ጨረስኋት። ሴቶቹ ተቀበሉኝ፣ ልጃገረዶቹም ከኋላ ተቀበሉኝ፣ ጎረምሶቹም ተቀበሉኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ይህን የምጽፈው እያፈርሁ ነው፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ዓመታት ሙሉ ያፈንሁት ድምፅ ነው።

መታጠፊያው ላይ ስንደርስ የምሠራበት ሱቅ አለ። ባለሱቋ እንደ ሁልጊዜዋ በርሜል ውኃ አውጥታ ለሰልፈኛው በጣሳ ትሰጣለች። ተጠግቼ ተቀበልኋት።

«ምነው ኋላ ሰው ሲያለቅስ ሰማሁ፣ የሞተ አለ እንዴ?» አለችኝ።

«የለም፣ ታቦቱ ቆሞ ነው።»

«እሱማ ቆመ፤ ምን ያድርግ?» አለችና በአገጯ አሳየችኝ። «ያ የሽንኩርት አይሱዙ ጎማው ፈንድቶ መንገዱን ዘግቶ ነበር። ልጆቹ ተሰብስበው እስኪገፉት ካህናቱ ጥላ ሥር አረፍ አሉ። ለእነሱም ውኃ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።»

አየሁት። ወደ ጠርዝ ተገፍቶ አንድ ጎኑ ተንጋዷል። ሾፌሩ ከሥሩ ቁጢጥ ብሎ ጎማ ይፈታል። አስፋልቱ ላይ ሽንኩርት ተበትኗል፣ ብዙው በሰው እግር ተጨፍልቆ ይሸታል።

«ቀድሞ ነው የቆመው ወይስ ታቦቱ ከቆመ በኋላ ነው?» አልኋት።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? እሱ ቆሞ ነው እንጂ የቆሙት! ምን ሆንሽ? ውኃውን ጠጪ እንጂ።»

አክስቴ ከፊት ሆነው በእጃቸው ጠሩኝ። ጣሳውን መለስሁላትና ሄድሁ። እስከ ደጀ ሰላሙ ድረስ አወጣሁ። ሚካኤል ገባ። የገና ሰሞን አለቀ።

ድግሱ አክስቴ ቤት ነበር። ጠላው ተቀዳ፣ ሥጋው ቀረበ። እሱን ከሽማግሌዎቹ ጎን ትራስ ደግፈው አስቀመጡት፤ ጎረምሳነቱ ከሰዓት በፊት አብቅቷል ማለት ነው። እኔን እሱ አጠገብ ሊያስቀምጡኝ ሲሉ «ላሳልፍ» ብዬ ተነሳሁ። ሽማግሌው መረቁና «ነገ በጠዋት ይዘሃት ሂድ። ነገር በትኩሱ ነው» አሉት። «እሺ» አለ፣ አጥንት እየጋጠ። «ሩዙም ተከማችቶ ነው ያለው፣ ሰው አጥቼ።»

ያኔ ነው የተናገርሁት።

«አባባ፣ ታቦቱን ያቆመው አይሱዙ ነው» አልሁ።

«ምን አልሽ?»

«የሽንኩርት አይሱዙ። ጎማው ፈንድቶ መንገድ ዘጋ። ካህናቱ ያዩታል፣ ከፊት የነበረ ሁሉ ያየዋል። እኛ ኋላ ስለነበርን ነው ያላየነው። ማንም ሄዶ አልጠየቀም።»

ከምንጣፍ ዘርጊዎቹ አንዱ በር ላይ ተቀምጦ ነበርና «እውነቷን ነው፣ እኔም ገፍቻለሁ፣ ትከሻዬ እስካሁን ያመኛል» አለ። አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ሲል የአክስቴን ፊት አየና ተወው።

አክስቴ ብርጭቆአቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ።

«ቢሆንስ?» አሉ። «ይኸ ሁሉ መኪና በየቀኑ ሲመላለስ፣ ያ አይሱዙ ዛሬ፣ በዚያች ሰዓት፣ በዚያች ቦታ በማን ፈቃድ ፈነዳ?»

«አሃ!» አሉ ሽማግሌው። «ይኸ ነው ቃል!» ሴቶቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴን አየኋት። እንጀራውን እየቆረሰች ነው፤ ቀና አላለችም።

«አየሽ የኔ ልጅ» አሉኝ አክስቴ፣ አሁን ድምፃቸው ለስልሶ፣ «ቦታሽን አገኘሽ፣ ከሰው ተቆጠርሽ። ምን ጎደለሽ? በይ አሁን ተይውና አንድ አውጪልን። ለባልሽም ይሁነው።»

ከበሮው ተነሳ። ሴቶቹ ክብ ሠሩ። እኔም የጠላውን ማንቆርቆሪያ ከእጄ አስቀምጬ መሐል ገባሁ።

ሁለት ሰው ነው አሉ ጎጆ የሚያፈርሰው

«ግባ በእልልታ፣ ግባ በሰላም» አሉ ሴቶቹ፣ እያጨበጨቡ። ተቀባይ የሚቀበለውን ቃል አይሰማም፣ ዜማውን ነው የሚጠብቀው።

ቅጣቱ ሲመጣ ለምን ነው ላንድ ሰው

«ግባ በእልልታ፣ ግባ በ…» አሉና ግማሹ ላይ ተቆረጠ። ከበሮ መቺዋ እጇን አየር ላይ አቆመች። አክስቴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

ነጠላዬን ከመስቀያው አወረድሁ። የእናቴን ጉልበት ሳምሁ። በር ላይ ከተከመረው ጫማ መሐል የኔን ፈልጌ አደረግሁት። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ የባሕር ዳር ሚኒባስ ሳያልቅ ወደ መናኸሪያው ሄድሁ።